ይድረስ ለክቡር ዘገምተኛ እርምጃ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትንሽ ፈጠን እንዲሉልን ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰላምታው በእርስዎ ፍጥነት ስለማይሄድ በሰዓቱ ይደርስዎታል።

የምጽፍልዎ እ.ኤ.አ. በ2015 ለፕሌይስቴሽን 4 በወጣው «ኤቭሪባዲስ ጎን ቱ ዘ ራፕቸር» በተባለው የቪዲዮ ጌም ላይ ስላሳዩን ጠባይ ነው። ሐሳቡ እኮ ደስ ይላል። ዘመኑ 1984፣ ቦታው እንግሊዝ፣ ሽሮፕሻየር ውስጥ ያለች አንዲት የፈጠራ መንደር፤ ሰው የተባለ በሙሉ ድንገት ጠፍቷል። መጠጥ ቤቱ ኦና፣ ቤተ ክርስቲያኑ ኦና፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ራዲዮው ያወራል፣ ሰሚ ግን የለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ምን ተፈጠረ ብሎ የማይሮጥ ማን አለ? እርስዎ አሉ። አገር ምድሩ ጠፍቶ፣ ከለቅሶ ቤት እንደሚመለስ ሽማግሌ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ይንሸራሸራሉ።

መዘግየትዎን ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የከፋው ግን ጌሙ «ዞር ዞር በሉ፣ በየጓሮው ግቡ፣ ታሪኩን ራሳችሁ ፈልጉ» እያለን እርስዎ እግራችንን መያዝዎ ነው። እሺ ብዬ በአንዱ ቅያስ እገባለሁ፣ መጨረሻው ላይ አጥርና አበባ ብቻ ይጠብቀኛል፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ከእርስዎ ጋር መመለስ አለ! ሁለት ሦስቴ እንዲህ ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል? መፈለጉን ይተዋል። መንገድ የምትመራውን የብርሃን ኳስ ብቻ ተከትሎ ይሄዳል። እሷም ብትሆን እልም ብላ ትሄድና ቆማ ትጠብቅዎታለች፣ የፈረደባት።

ጌሙ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሠሪዎቹ ብቅ ብለው «መፍጠኛ እኮ አለው፣ አር ቱ የሚባለውን የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ» አሉን። ወይ ጉድ! ጌሙ ውስጥ ይህን የነገረን አልነበረም። ደግሞም ሲጫኑት ፍጥነቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ለመፍጠንም ቀስ ማለት ያስፈልጋል። በመጨረሻ የሚደርሱበት ፍጥነትም ያው ሽርሽር ነው፣ ጫማ የተቀየረበት ሽርሽር።

ደጋፊዎችዎ «ተጫዋቹ ቆም ብሎ እንዲያስብ ነው» ይላሉ። መቆም ሲያምረኝ ራሴ እቆማለሁ እኮ፤ ጣቴን ከጆይስቲኩ ማንሳት ብቻ ነው። ማሰብም ቢሆን፣ እኔ ከእርስዎ ጋር ስሄድ ያሰብኩት ስለ ሞትና ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ እራት ነው።

የሙያ ባልደረቦችዎን ይዩ። የ2013ቱ «ጎን ሆም» የተባለው ጌም ሁሉን ነገር አንድ ቤት ውስጥ ስለጨረሰ ዝግታው አይቆጭም። የ2016ቱ ጌም «ፋየርዋች» አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ጫካ ውስጥ ያንከራትተናል፣ ግን ሶምሶማ ይፈቅዳል። ሶምሶማ ብቻ! ማራቶን ማን ጠየቀ?

አንድ ውለታዎን ግን አልክድም። የ«ራፕቸር» ሙዚቃ በ2016 የብሪታንያውን የባፍታ ሽልማት ወስዷል፣ ይገባዋልም፤ ከአንድ በር እስከ ሌላው በር ስንሄድ ሙሉውን እንድናዳምጠው ጊዜ የሰጡን እርስዎ ነዎት።

ከሰላምታ ጋር፣
አሁንም ድልድዩ ላይ ያለሁት ተጫዋች

ግልባጭ፦
ለብርሃኗ ኳስ (አይዞሽ፣ እየመጣን ነው)
ለአር ቱ ቁልፍ (ካለህ)