የሚደበደበው ቦሱ ነው ኪቦርዱ?

ትናንት ማታ ኦንላይን ጌም ስንጫወት ቡድናችን ውስጥ አዲስ ሰይፈኛ ገባ። ማይኩ ክፍት ነው። ውጊያው ገና ሲጀመር ቋ ቋ ቋ ቋ! ኪቦርዱ ነው። አንዷን ቁልፍ ይዞ ሳያባራ ይወቅጣታል። ስኪሉ (በቁልፉ የሚለቀቀው ምት) ለዳግም አገልግሎት አልተመለሰም፤ ይወቅጣል። ተመለሰ፤ ይወቅጣል። ቦሱ፣ ማለትም ትልቁ ጠላት፣ ሞቶ ዕቃ እየተከፋፈልን ነው፤ እሱ ገና አልጨረሰም።

ልጁን አልጠላሁትም። የጠላሁት እምነቱን ነው። ብዙ የተጫነ ብዙ የመታ ይመስለዋል።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ አንድ ስኪል ስትጠቀሙ አብዛኞቹ ሌሎችም አብረው ይቆለፋሉ። በመደበኛው 1.5 ሰከንድ፣ ሮግ ለሚባለው ተዋጊ ደግሞ 1 ሰከንድ። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ መነሻው 2.5 ሰከንድ ነው። በዚያ መሃል ቁልፉን አንዴም ጫኑት አርባ ጊዜ፣ ቦሱን አንዲት ጭረት አትጨምሩበትም። ጌሞቹ ደግሞ ደጎች ናቸው። ሊከፈት ትንሽ ሲቀረው ከተጫናችሁ ትዕዛዙን ይዘው ይቆዩና ልክ ሲከፈት ይለቁታል። አንድ ጊዜ መጫን፣ በሰዓቱ። አለቀ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ነፍሴ ትወደዋለች። ለኛ ሥራ ግን ትንሽ ለዘብ ይላል። እዚያ የፈሰሰው ቢያንስ ይለቀማል። እዚህ የፈሰሰች ሰከንድ ማን ይለቅማታል? ሂሳቡ ይኸውላችሁ፦ 10 ደቂቃ በሚፈጅ ውጊያ፣ በየ2.5 ሰከንዱ ብትመቱ 240 ምት አለ። እያንዳንዱን ሩብ ሰከንድ ብቻ ብታዘገዩት ወደ 218 ይወርዳል። ሃያ ምናምን ምት እንደዋዛ ቀለጠ።

ወቃጭ ሰው ይዘገያል ቢባል ማን ያምናል? ግን ይዘገያል። በዋና ዋናዎቹ ምቶች መሃል ሹልክ ብለው የሚገቡ ትንንሽ ስኪሎች አሉ። ፋይናል ፋንታሲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ይበቃሉ። የኛ ሰው ሦስተኛ ይጨምራል። እያንዳንዷ ደግሞ የራሷን ቅጽበት ትይዛለች። ዋናው ምት ተራው ደርሶ በር ላይ ይቆማል። ፒንጉ (የኢንተርኔቱ መዘግየት) ከፍ ያለበት ሰውማ ሁለቱም ይበዙበታል።

ሰዓት መጠበቅ ብቻ ቢሆን ደግሞ በምን ዕዳችን። የፋይናል ፋንታሲውን ተዋጊ፣ ሳሙራይን እዩት። ጌኮ የሚባለው ምት ከጀርባ ሲሆን ይበረታል፣ ካሻ ደግሞ ከጎን። ስለዚህ እየመታችሁ ትዞራላችሁ። ልክ ጀርባው ጋ ስትደርሱ ታንኩ (የቦሱን ምት ተቀብሎ የሚይዘው ጓዳችን) ቦሱን ያዞረዋል! ለምን? እንጃ። ፎቶ ሊያነሳው ይመስል አቀማመጡን ያሳምራል። ዞራችሁ ትደርሳላችሁ፤ መልሶ ያዞረዋል። ትሩ ኖርዝ የሚባል መላ አለ፤ ለ10 ሰከንድ ከየትም ብትመቱ ከትክክለኛው ቦታ እንደመታችሁ ይቆጠራል። 10 ሰከንድ! ታንኩ ግን የሚያዞረው ሙሉውን ውጊያ ነው። ምን አለበት አንዴ አቁሞት ቢተወን?

የቆየው ቂሜ ግን፣ እኛ ከቅርብ የምንመታው ሜሊዎች ነንና፣ ከሩቅ ተዋጊዎቹ ጋር ነው። ቦሱ እግሩ ሥር እሳት ሲያነጥፍ ማን ይሮጣል? እኛ። ኮምቦው (ተከታታይ ምቱ) መሃል ላይ የሚበጠስበት ማን ነው? እኛ። አንዲት ምት ልጨምር ብሎ የቆየ ይሞታል፤ የሞተ ሰው ደግሞ ዳሜጁ፣ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ዜሮ ነው። ማጁ፣ አስማተኛው፣ ከዚያ ማዶ ቆሞ ይተኩሳል። ሁለት እርምጃ ሸርተት በል ሲባል ያማርራል። ውጊያው ሲያልቅ የዳሜጅ ሰንጠረዡን ቻት ላይ ይለጥፍና «ሜሊዎች፣ ምን ነካችሁ?» ይለናል። ምን ይነካናል፣ እሳት ነካን!

እነሱም አስማት ሲደግሙ ከተንቀሳቀሱ ይቋረጥባቸዋል ይባላል። እሺ። አውቃለሁ። ዛሬ ግን ለማዘን ልቤ አልፈቀደም።

ምን ነበር የጀመርኩት? አዎ፣ ወቃጩ። ሮቴሽኑን (የምቶቹን ቅደም ተከተል) በቃሉ ያውቀዋል፤ ጠይቁት፣ ከአንድ እስከ አስር ይዘረግፍላችኋል። ግን ቡድኑ በየ2 ደቂቃው ኃይሉን አንድ ላይ ሲከፍት፣ የሱ ትልቁ ስኪል ቀድሞ ወጥቷል። ቦሱ ወደ ላይ ሊሰወር አፍታ ሲቀረው ለቅቆት ባዶ መሬት መትቷል። ስኪሉ ስለበራ ብቻ! የበራ ሁሉ ይጫናል እንዴ?

ማይኩን ላጥፋበት ብዬ ነበር። ግን አይሆንም። የቦሱን አስማት በየተራ ነው የምናቋርጠው፤ ሁለተኛው ተራ የሱ ነው። «አቋረጥኩ» ሲል መስማት አለብኝ። እስካሁን ከዚያ ሁሉ ኳኳታ መሃል ለይቼ የሰማሁት ግን «ወይኔ፣ ማቋረጫውን ቅድም ተጠቅሜበታለሁ» ሲል ነው።