የከርከሮ ገዳይ የደረጃ ዕድገት

አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር በስልክ ስንጨዋወት «ትናንት ሌሊት ደረጃዬ ከፍ አለ» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። እናቴ 31 ዓመት ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆና ያገለገለች፣ የደረጃ ዕድገት ማለት የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤና የቅርብ አለቃ ፊርማ መሆኑን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናትና ወዲያውኑ እልል አለች። ቀጥላም ስንተኛ ደረጃ እንደ ደረስኩ ጠየቀችኝ። በሦስት ሌሊት 9ኛ መድረሴን ስነግራት፣ እርሷ በ31 ዓመት ውስጥ ያደገችው ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ አሜሪካ በእርግጥም የተባረከ አገር መሆኑን መሰከረች። «ደመወዝስ ጨመሩልህ? ለመሆኑ ምን ሠርተህ ነው ልጄ?» አለችኝ። «ከርከሮ ገድዬ» አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አልኩ።

ለእናቴ ለማስረዳት ያደረግሁት ሙከራ ስላልተሳካ ለአንባቢ ልሞክር። ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት የሚባለው የኦንላይን ጌም በ2004 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ከርከሮዎቹ የሚያውቁት እርሱን ብቻ ነውና) ተጫዋቹ ከ1ኛ ደረጃ ተነሥቶ እስከ 60ኛ ይወጣ ነበር። በመንደሩ መግቢያ ከራሱ በላይ ቢጫ ቃለ አጋኖ የተንጠለጠለበት ሰው ቆሞ ታገኛለህ፤ ይህን ያህል አውሬ ገድለህ ና ይልሃል፤ ትገድላለህ፤ የልምድ ነጥብ ይሰጥሃል፤ ነጥቡ ሲሞላ ወርቃማ ብርሃን በሰውነትህ ላይ ይፈነጥቅና አንድ ደረጃ ከፍ ትላለህ፤ ከዚያም ቃለ አጋኖ ወደ ተንጠለጠለበት ወደ ሌላ ሰው ትላካለህ፤ እርሱም በበኩሉ የሚያስገድለው ከርከሮ አለው። ለዚህ አገልግሎትህ በየወሩ 15 ዶላር ገደማ ትከፍላለህ፤ ተከፋዩ አንተ አይደለህም።

አያቶቻችን አንበሳ ወይም ዝሆን ገድለው ሲመለሱ መንደሩ ወጥቶ ይቀበላቸው፣ ራሳቸው ላይ ቅቤ ይደረግላቸው፣ ይፎከርላቸውና እልል ይባልላቸው ነበር። ዝሆን ገድሎ፣ ማንም ሳያየው በጨለማ ቤቱ ገብቶ፣ ነጥቡን ቆጥሮ የተኛ አዳኝ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሌሊቱን ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ስጠብቅ አድሬ፣ ንጋት ላይ ቤቴ ገብቼ ለማላውቀው ባለ ቃለ አጋኖ ከርከሮ ስገድል ሁለተኛ ፈረቃ የገባሁ ያህል ነበር። ልዩነቱ በመጀመሪያው ፈረቃ ቢያንስ «ደህና እደር» የሚለኝ ባለ መኪና መኖሩ ነው። እልልታ የሌለው የደረጃ ዕድገት ያው የመዝገብ ቤት ሥራ ነው።

ነገሩ ከመሠረቱ እንዲህ አልነበረም። የልምድ ነጥብንና ደረጃን ለዓለም ያስተዋወቁት በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ናቸው፤ ጨዋታውም በወረቀትና በዳይስ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ ነበር። ደረጃው ያደገለት ሰው ጓደኞቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ስለነበር፣ ደረጃ ማደግን እንዴት ማኅበራዊ እናድርገው ብሎ የተጨነቀ አልነበረም፤ እንጀራን ከወጥ ጋር እንዴት እናስተዋውቀው ብሎ ስብሰባ የሚጠራ ሰው የለምና። ጭንቀቱ የመጣው ጠረጴዛው ተነሥቶ ኮምፒውተር ሲተካ ነው።

በ1999 የወጣው ኤቨርክዌስት የተባለ የኦንላይን ጌም ለዚህ ጭንቀት የሰጠው መልስ ጭካኔ ነበር። አብዛኛው ተጫዋች ከሌሎች ጋር ካልተቧደነ ሩቅ እንዳይሄድ ተደርጎ የተሠራ ዓለም ነበር። የሞተ ሰው የለፋበት የልምድ ነጥብ ይቀነስበት ነበር፤ ያገኘውን ደረጃ እንኳ ሊነጠቅ ይችል ነበር፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ንብረቱ በሙሉ ከሬሳው ጋር በሞተበት ዋሻ ውስጥ መቅረቱ ነበር። ስለዚህ ባዶ እጁን ተነሥቶ፣ በገደሉት አውሬዎች መካከል እየተሹለከለከ የገዛ ሬሳውን መፈለግ ነበረበት። ብቻውን ስለማይችለው ሰው ይለምን ነበር። ሬሳ ጎታች ይፈለግ፣ ሙት የሚያስነሣ ካህን ከሩቅ አገር ይጠራ፣ ካህኑም ሲደርስ ከጠፋው ነጥብ አብዛኛውን ይመልስለት ነበር። የአገሬ ሰው ይህን ሲሰማ ድንኳኑና ወንበሩ የቀረ እድር መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። ያልተነሣ ሬሳ ቀኑ ሲያልፍ ከነንብረቱ ይጠፋ ስለነበር፣ ትናንት የሰው ሲሳይ ነጥቆ የሮጠ ተጫዋች ዛሬ ዋሻ ውስጥ ሲሞት ማን እንደሚደርስለት ቀድሞ ማሰብ ነበረበት። እድርተኛ ከእድርተኛ ጋር እንደ ልቡ የማይጣላውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዚያ ጌም ሌላው ጥበብ መቀመጥ ነበር። ድግምት የሚደግሙት ተጫዋቾች ኃይላቸው በተሟጠጠ ቁጥር መሬት ላይ ቁጭ ብለው እስኪሞላላቸው ደቂቃዎች ይጠብቁ ነበር። የተቀመጠ ሰው ደግሞ ያወራል፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ወገቡ ሕመም ያወራል። ለቅሶ ቤት ውሎ የሚያውቅ ሰው ይህን በጥናት እንዲያረጋግጡለት አይፈልግም፤ የመጀመሪያው ሰዓት በዝምታ ቢያልፍም በሦስተኛው የመሬት ዋጋ መነሣቱ አይቀርም።

ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ይህን ሁሉ አለሳለሰው። የሞተ ሰው ነፍሱ ከመቃብሩ ስፍራ ተነሥታ ሬሳዋ ዘንድ ትሮጥና ትገጥማለች፤ ነጥብ አይቀነስም፤ ካህንም አይለመንም። ስለ ነጥብ መቀነስ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጌሙ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ ሰው ያለ ዕረፍት እንዳይጫወት ሲባል ብዙ ሰዓት የቆየ ተጫዋች የሚያገኘው ነጥብ በግማሽ እንዲቀንስ ተደርጎ ነበር። ተጫዋቾቹም ተበደልን ብለው ጮኹ። ሠሪዎቹ ታዲያ ስሌቱን እንዳለ ትተው ስሙን ለወጡት፤ የቀድሞው ሙሉ ነጥብ «ዐርፎ ለመጣ እጥፍ»፣ የቀድሞው ግማሽ ደግሞ «መደበኛ» ተባለ። ለየደረጃው የሚፈለገው ነጥብም በዚያው ልክ ስለ ጨመረ አንዲት ቅንጣት አልተለወጠችም፤ ሕዝቡ ግን አመሰገነ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ከጌም ዓለም በአንድ ጊዜ የገባት ነገር ይህ ብቻ ሆነ። «ውይ፣ የእኛ በጀት ክፍል ኃላፊም እንዲሁ ነበሩ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ደግነቱ በዛ። ቀድሞ ዋሻ ለመግባት የሚፈልግ ሰው ከተማ መሐል ቆሞ «ፈዋሽ የጎደለን ነን!» እያለ ይጣራ፣ አምስት ሰው ሲሞላ ረጅሙን መንገድ አብሮ ይጓዝ ነበር። በ2009 መጨረሻ ግን አንዲት አዝራር መጣች። አዝራሯን የተጫነ ሰው ከየሰርቨሩ ከተለቀሙ አራት እንግዶች ጋር ዋሻው ውስጥ ራሱን ያገኘዋል፤ አውሬው ይገደላል፤ ሁሉም ይበተናል። ሊፍት ውስጥ የገባ ሰው እንኳ ስንተኛ ፎቅ እንደሚወርድ ይጠየቃል። በ2010 የጌሙ ከፋዮች 12 ሚሊዮን ደርሰው እንደ ነበር ስናስብ፣ ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ሰላምታ እንዳይሰጣጥ ማድረግ ራሱን የቻለ የምህንድስና ውጤት ነው።

ሌሎች ጌሞች የተባረረውን ጎረቤት በልዩ ልዩ ዘዴ ለመመለስ ሞክረዋል። ሲቲ ኦቭ ሂሮስ በ2004 ትልቁ ተጫዋች ትንሹን ከጎኑ አስጠግቶ ለጊዜው ወደ ራሱ ደረጃ እንዲያስጠጋው ፈቀደ። ጊልድ ዋርስ 2 በ2012 ይህን ገለበጠው፤ 80ኛ ደረጃ የደረሰ ጀግና ወደ ጀማሪዎች ሰፈር ሲወርድ ጉልበቱም አብሮት ይወርዳል፤ በአንድ አውሬ ላይ የተረባረቡትም ሁሉ የየራሳቸውን ዋጋ ስለሚያገኙ «የእኔን ነጠቅከኝ» የሚባል ጠብ የለም፤ ደቦ ነው። እኔ የማደንቀው ግን ፋይናል ፋንታሲ 14ን ነው። እዚያ ጀማሪ ተጫዋች ስሙ አጠገብ የቡቃያ ምልክት ይደረግለታል፤ ዋሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በቡድኑ ውስጥ ካለ ደግሞ ሲጨርሱ ሁሉም ተጨማሪ ጉርሻ ያገኛሉ። ምንም የማያውቅ ሰው መጣብን ተብሎ የሚለቀሰው ቀርቶ፣ እንግዳ መጣልን ተብሎ ገበታው ሰፋ።

ሩንስኬፕን ለእናቴ ባልነግራት ይሻል ነበር። በ2001 የወጣው ይህ ጌም እንጨት በመቁረጥ ብቻ እስከ 99ኛ ደረጃ ያስወጣል። ለዚያ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል፤ የሚያስቀው ደግሞ 92ኛ ደረጃ ላይ ስትደርስ የሄድከው ግማሹን መንገድ ብቻ መሆኑ ነው። ሆኖም እንጨት ቆራጮቹ አንድ ዛፍ ከበው ደረጃ እየተጠያየቁ ይውላሉ፤ የአንዱ ሲያድግ ከራሱ በላይ ርችት ይተኮሳል፤ በዙሪያው ያሉትም እንኳን ደስ ያለህ ይሉታል። እናቴ በትዕግሥት ካዳመጠችኝ በኋላ «እኔ እኮ ያስተማርኩህ እንጨት ለቀማ እንዳትሄድ ብዬ ነበር» አለችኝ።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። እኔ የገባሁበት ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በነሐሴ 2019 በድሮ መልኩ እንደገና የተከፈተው ነው። ሕዝቡ እንደ ጉድ ስለ ጎረፈ፣ ለአንድ ተልእኮ የሚፈለገው አንድ አውሬ ሲሆን ገዳዩ ግን እልፍ ሆነ፤ ስለዚህ ተጫዋቾቹ በራሳቸው ተነሣሽነት ሰልፍ ያዙ። ጎራዴ የታጠቀ፣ እሳት የሚተፋ፣ ጥላው የሚያስፈራ ሁሉ ተራውን ጠብቆ ቆመ። ሰልፍ አንገሽግሾት አገሩን ለቆ የወጣ ሰው 15 ዶላር ከፍሎ ሰልፍ ላይ ሲቆም የሚሰማውን ስሜት ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ከፊቴ የነበረው ጢማም ድንክ ተራው ደርሶ ገባ፤ አውሬውም ጣለው፤ ድንኩ ሲሞትም በላቲን ፊደል «ወይኔ» ብሎ ጻፈ።

«አበሻ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«ነኝ። አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አለኝ።

ሲያትል ውስጥ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ የ61 ዓመት ሰው ሆነው ተገኙ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንተ ማለት ስለማይቻል ጋሼ አልኳቸው፤ ችግሩም ከዚያ ጀመረ። ጋሼ ፈዋሽ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ዱላ ተቀባይ ነኝ። «ፈውሰኝ» ብሎ መጻፍ አንድ ትንፋሽ ነው፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቢችሉ…» ላይ ስደርስ ግን ሞቻለሁ። በዚህ ዓይነት ሰባት ጊዜ ከቀበሩኝ በኋላ ጋሼ ደንብ አወጡ፦ «ጦርነት ላይ አንተ በለኝ፤ ከተማ ስንገባ ወደ አንቱ ትመለሳለህ።»

ደንቡ በዚያ አላበቃም። ሦስት ተጨማሪ አበሾች ተገኝተው አምስት ስንሞላ ጋሼ ማኅበር አቋቋሙ። ቅዳሜ ማታ ሳያስፈቅድ የቀረ 20 ብር ይቀጣል። ቀልድ አይደለም፤ የጌሙ መገበያያ ወርቅ፣ ብርና መዳብ ነው። ማንም ሰው አሥር ደረጃ በሞላ ቁጥር፣ ማለትም 20ኛን፣ 30ኛንና የመሳሰሉትን፣ ማኅበርተኛው ሳይሰበሰብ እንዳይሻገር ተወሰነ። ፈረንጆቹ አንድ ሰው ሲያድግ «ግራትስ» ብለው በአምስት ፊደል ይገላገላሉ፤ ጋሼ ግን የማደጊያውን አውሬ በጣልን ቁጥር የገዳዩን ግጥም በላቲን ፊደል እስኪጽፉ ድረስ ሁላችንም ቆመን እንጠብቃለን፤ እየጠበቅንም እናወራለን።

አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ አውሬ ላይ ጥሩ ጋሻ ወደቀ። ጌሙ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው ያስፈልገኛል፣ ባገኘው ደስ ይለኛል፣ አልፌያለሁ የሚሉ ምርጫዎች ያቀርባል። አምስታችንም «አልፌያለሁ» አልን። ጋሻው ሬሳው ላይ ቀረ። «አንተ ውሰደው እንጂ፣ ዱላውን የምትቀበለው አንተ ነህ!» «ኧረ እርስዎ እያሉ!» «ለልጁ ይሰጥ፣ አዲስ ነው።» «እኔማ አለኝ፣ በሞቴ እርስዎ!» እየተባባልን ሳለ የዋሻው ዘብ ዞሮ መጣና በሞቴ እንዳልን ሞትን።

ከወራት በኋላ 60ኛ ደረጃ ለመድረስ አንድ ድብ ብቻ ቀረኝ። ጋሼ ግን የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ ነበሩና «እኔ ሳልመጣ እንዳትገድለው» የሚል መልእክት ትተውልኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ማረፊያ ቤት ተጋድሜ ስጠብቅ እሑድ ደረሰ፤ እናቴም እንደ ልማዷ ደወለች።

«አሁንስ ስንተኛ ነህ?»

«59ኛ ነኝ። አንድ ድብ ቀርቶኝ ጋሼን እየጠበቅሁ ነው።»

«ደግ አደረግህ። ትልቅ ሰው ሳይኖር እንዴት ይገደላል» አለችኝ።

ስልኩን ሳንዘጋው ጋሼ መጡ፤ ሦስቱም ተከታትለው ደረሱ። ድቡ ወደቀ፤ ወርቃማው ብርሃን ፈነጠቀ። እናቴም ምን እንደ ተገደለ በውል ሳይገባት በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሰፈሩን በእልልታ አናወጠችው። ወዲያው በር ሲንኳኳ፣ ቀጥሎም ጎረቤታችን እትዬ በድንጋጤ ምን እንደ ተፈጠረ ሲጠይቁ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

«ልጄ 60ኛ ደረጃ ደረሰ!»

«እሰይ! እሰይ! ደመወዝስ ጨመሩለት?»

«እርሱን ገና ኮሚቴው አልተቀመጠበትም» አለች እናቴ።