የጥብስ ቅጠል ዘይትና የጎደለው ሦስተኛ ቡድን

የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ዘይት ለወንዶች ራሰ በራነት «ከሚኖክሲዲል (ራስ ላይ ከሚቀባ የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት) እኩል ይሠራል» የሚለው ወሬ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2015 ከታተመ የኢራን ጥናት ነው። ፀጉራቸው የሳሳ 100 ታካሚዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ሮዝመሪ፣ ግማሾቹ ባለ 2 በመቶ ሚኖክሲዲል ለ6 ወር ተቀቡ። በ3ኛው ወር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በ6ኛው ወር የተቆጠረው ፀጉር በአማካይ በሮዝመሪው ቡድን ከ122.8 ወደ 129.6፣ በሚኖክሲዲሉ ከ138.4 ወደ 140.7 ከፍ አለ።

ቁጥሮቹን ልብ በሉ። ሚኖክሲዲሉ ራሱ የጨመረው ሁለት ፀጉር ያህል ነው! ደክሞ ከዋለ ተፎካካሪ ጋር እኩል መውጣት ብዙ አያኮራም። ወንዶች በብዛት የሚጠቀሙት ደግሞ ባለ 5 በመቶውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሙከራ በ48ኛው ሳምንት ከባለ 2 በመቶው 45 በመቶ የበለጠ ፀጉር ማብቀሉን አሳይቷል። ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው፦ መድኃኒት የሌለበት ቅባት የተሰጠው ሦስተኛ ቡድን አልነበረም። ስለዚህ ጭማሪው ከዘይቱ ይምጣ፣ ከመታሸቱ ወይም ከአቆጣጠር ስሕተት ማንም መለየት አይችልም። ሻጮች ደርበው የሚጠቅሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የአበርዲን (ስኮትላንድ) ሙከራም በክብ በክብ ለሚረግፍ ፀጉር የተደረገ ነው። ያ ሌላ በሽታ ነው።

ደህና ሙከራ አስቸጋሪ ቢሆንም ይቻላል። ራስ ላይ በጥቃቅን ንቅሳት ነጥብ ምልክት ይደረጋል፤ ዙሪያው 1 ካሬ ሴንቲሜትር ፀጉር ወደ 1 ሚሊሜትር ተከርክሞ በአጉሊ ካሜራ ይነሣል፤ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ያው ቦታ ይደገማል። ቆጣሪው ማን ምን እንደተቀባ ማወቅ የለበትም። አስቸጋሪው ሽታው ነው፤ ሮዝመሪን ያሸተተ ሰው ምን እንደተሰጠው ወዲያው ይገባዋል። ሽታን በሌላ ሽታ መሸፈን ይቻላል፣ ግን ሸፋኙም የራሱ ውጤት ሊኖረው ይችላል። ቢያንስ በመጨረሻ ተሳታፊዎቹ የተቀቡትን ምን ብለው እንደገመቱ ተጠይቀው መልሳቸው ይመዝገብ።

ቅጠሉን ቀቅሎ ውኃውን መርጨትም ዘይቱን ከመቀባት ጋር አንድ አይደለም። ዘይቱ የሚገኘው በእንፋሎት ተጣርቶ ነው፤ ክፍት ድስት ላይ ሲፈላ ግን ብዙው ተንኖ ይሄዳል። ውኃውም ቶሎ ይበላሻል።

ራሱ ላይ መሞከር የሚፈልግ ሰው ዘይቱን ሳያቀጥን አይቀባ። ለ30 ሚሊ ሊትር የምግብ ወይም የጆጆባ ዘይት 6 ጠብታ ያህል ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። አስቀድሞ ክርን ውስጥ በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ይሞከር፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይቅር፣ የተቆጣ የራስ ቆዳ ፀጉርን ይበልጥ ያረግፋልና። ማበጠሪያ ላይ የቀረውን ፀጉር መቁጠር አይጠቅምም፤ ጤነኛ ሰውም በቀን ከ50 እስከ 100 ይረግፍበታል። በወር አንድ ጊዜ፣ ፀጉሩ ደርቆ፣ በእኩል ርዝመት፣ በአንድ ብርሃንና ርቀት ፎቶ ማንሣት ይሻላል። ከ6 ወር በፊት መፍረድ ግን አይቻልም።