የብሪትሽ ኮሎምቢያ ሊበራሎች የትሩዶ ፓርቲ ቅርንጫፍ አልነበሩም

ወንድሜ፣ «የካናዳዋ ብሪትሽ ኮሎምቢያ ሊበራል ፓርቲ የነትሩዶ፣ ማለትም የፌዴራሉ ሊበራል ፓርቲ፣ ቅርንጫፍ ነበር» ያልከው ልክ አይደለም። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። የግዛቱና የፌዴራሉ ፓርቲዎች በይፋ የተለያዩት በ1987 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1991 የግዛቱ ፓርቲ መሪ ጎርደን ዊልሰን አንድም ወንበር ያልነበረውን ፓርቲ 17 ወንበር አስገኘለት፤ ግዛቱን ይገዛ የነበረው ሶሻል ክሬዲት ፓርቲ ሲፈርስ ደግሞ ብዙ ደጋፊዎቹ ወደ ሊበራሎቹ ስለጎረፉ፣ ቀጣዩ የሊበራሎቹ መሪ ጎርደን ካምቤል በ2001 ከ79 ወንበር 77ቱን ሲጠራርግ ከጀርባው የፌዴራል ሊበራሎችም ወግ አጥባቂዎችም ነበሩ። ዋናው ነገር የግራ ዘመሙን ፓርቲ ኤንዲፒን ማሸነፍ ነበር። እና የካምቤልን መንግሥት የግብር ቅነሳ አይተህ «ሊበራል እንዲህ ያደርጋል?» ብለህ አትገረም። ፓርቲው ኬቨን ፋልከን በሚመራው ጊዜ፣ በ2023፣ ስሙንም ቀይሮ ቢሲ ዩናይትድ ተባለ። በ2024 ምርጫ ዋዜማ ፋልከን ዘመቻውን አቁሞ ድጋፉን የሰጠው ለግዛቱ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ነው።