ባለሙያው በስሙ ይመልስ፣ ስሙም ይታወቅ

ሰሞኑን እዚህ ሰሜን ሸዋ አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ደብዳቤ በትኗል። ማንም ባለሙያ በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ ግሩፕ ለሙያ ጥያቄ በስሙ መልስ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ደብዳቤውን ያብራሩት ኃላፊ ሁለት ምክንያት አቀረቡ። ግሩፕ ላይ የሚጽፍ ሰው ለራሱ ስም ፈላጊ ነው አሉ። አርሶ አደሩም ቴሌግራም ላይ የለም አሉ።

ይሄ ሁለተኛው ጭራሽ አይዋጥልኝም። መንዝ ያለው አባት ስማርት ስልክ ባይኖረው ደብረ ብርሃን የሚማር ልጅ አለው። ልጅ ባይኖረው የቀበሌው ልማት ሠራተኛ አለ። የታመመው በግ ፎቶ ይነሳል፣ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፣ መልሱ ለአባትየው ተደውሎ ይነገራል። ይህን ሳያዩ ስለ አርሶ አደሩ መወሰን እንዴት ይቻላል?

በዚያው በግ እንቀጥል። መንጋጋው ሥር አብጧል። አንዱ ተነስቶ ዝም ብላችሁ የትል ኪኒን ስጡት ይላል። የእንስሳት ሐኪሙ ግን መጀመሪያ ይጠይቃል። የት ነው የሚግጠው? ረግረግ ላይ ነው? የዓይን ቆቡን ገልብጣችሁ እዩት፣ ውስጡ ነጥቷል? የሚጠይቀው ያለምክንያት አይደለም። የጉበት ትል ቀንድ አውጣ ከሚራባበት እርጥብ ሣር ነው የሚመጣው፤ በእኛ ደጋ የታወቀ ችግር ነው። ሌላ ደም መጣጭ የሆድ ትልም ግን ያንኑ እብጠት ያመጣል። ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ያስረዳል። አልቤንዳዞል ያደገውን የጉበት ትል እንጂ ገና ጉበት እየቦረቦረ ያለውን ትንሹን አይገድልም። ትሪክላቤንዳዞል ሁለቱንም ይገድላል። መጠኑ የሚለካው በበጉ ክብደት ነው፤ አሳንሶ መስጠት ትሉን መድኃኒት ያስለምደዋል። በመጨረሻም በፎቶ ብቻ አልወስንም፣ ክሊኒክ አምጡት ይላል።

በሙያ መደመጥ የሚመጣው እንዲህ ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ፎርዋርድ በማድረግ አይመጣም። የአባላት ቁጥር በማብዛትም አይመጣም። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የሚታወሰው ለጥያቄ መልስ የሰጠው ነው። ቻናል ከፍቶ የስብሰባ ፎቶ መደርደር ደግሞ ማንንም አያስከብርም፤ የአስተያየት መስጫው ካልተከፈተ አንባቢው መልሶ የሚጠይቅበት ቦታ የለውማ። ግሩፕ ላይ ግን ሐኪሙ ሲሳሳት የሙያ ጓደኛው እዚያው በሰው ፊት ያርመዋል። መልሱም አይጠፋም። ከዓመት በኋላ የገባ ሰው የጉበት ትል ብሎ ፈልጎ ያገኘዋል። ቢሮ ውስጥ የተሰጠ ምክር ግን ከበሩ ሳይወጣ ይቀራል።

ስም ይፈልጋል ለሚለው፣ አዎ፣ ይፈልግ! ምን ነውር አለው? መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ የተመደበ ወጣት ባለሙያ በምን ይታወቅ? አዲስ አበባ የሚደረግ ሥልጠና ሲመጣ ስሙ የሚያዘው ለአለቃ የቀረበው ነው፣ አበሉም የእሱ ነው። ራቅ ብሎ ያለው ልጅ በእውቀቱ የሚታይበት መድረክ ግሩፑ ብቻ ነው። ደግሞም ስሙን ያስቀመጠ ሰው ይጠነቀቃል፤ ቢሳሳት የሚያጣው ነገር አለዋ። በሐሰት ስም የሚጽፈው ምን ያጣል? ምንም። ደብዳቤው ዝም ያሰኘው ባለስሙን ነው። ግሩፑን ለመድኃኒት ቸርቻሪና ለስም የለሽ አዋቂ አስረክቦታል። የመሥሪያ ቤቱን ክብር እንጠብቃለን እያሉ ሕዝቡን ለአጭበርባሪ መተው ይሄ ነው።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ሲከርም ምን እንደጎደለብን አይተናል። ያኔ ባለሙያውና ጠያቂው የተለያዩት በግድ ነበር። ዛሬ ግን በፊርማና በማኅተም እየለያየን ነው።

ደብዳቤው ይነሳ። በምትኩ አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል። ባለሙያው ስሙንና ሙያውን ይጻፍ፣ መልሱ የራሱ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አቋም አለመሆኑን ይግለጽ፣ ግሩፕ ላይ መድኃኒት አይሽጥ። የሥራ አፈጻጸም ሲሞላም ከተካፈለበት ሥልጠና ጎን ግሩፕ ላይ የሰጣቸው መልሶች ይቆጠሩለት። ማታ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሱ ካርድ ነው የሚሠራው።