አክተር አይሞትም

ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ የማይሻር ሕግ ነበር፤ አክተር አይሞትም። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚው የሚያንገዳግድ፣ በር ላይ የቆመው ልጅ ሳንቲም ሲቀበል ቀና ብሎ ፊት የማያይበት ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ የሕንዱ አክተር የአሚታብ ባቻን ፊልም «ኩሊ» መጣልን። ስሙን ማንም አላስተረጎመም፤ አውቶቡስ ተራ ሻንጣ ተሸክሞ የሚሮጠው ሁሉ ኩሊ ነዋ! ድብድቡ ጦፎ አክተሩ ሆዱ ላይ ቡጢ ሲቀምስ ምስሉ ድርቅ አለ። ማናችንም ያላነበብነው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ።

«ኧረ ዴኩን ምታው!» ብሎ ቤቱ ተንጫጫ። ባለቤቱ እያጉረመረመ ተነሣና ዴኩን፣ ያቺን የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ፣ ሁለት ጊዜ በጥፊ አላት። ምስሉ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውዬው እጅ መድኃኒት ነው ተባለ፤ ጎረቤት የተበላሸ ሬዲዮውን ሳይቀር ያመጣለት ጀመር።

ዴኳ ለካ ንጹሕ ነበረች። ምስሉን ያደረቁት ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በፈረንጆቹ (እዚህ የምጠራው ቀን ሁሉ በእነሱ ነው) ሐምሌ 1982 ባንጋሎር ውስጥ ያ ትዕይንት ሲቀረጽ ባቻን ፑኒት ኢሳር ከሚባል ተዋናይ ቡጢ ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ መውደቅ ነበረበት። የጠረጴዛው ጠርዝ ሆዱን አገኘውና አንጀቱ ተጎዳ። ቦምቤይ ብሪች ካንዲ ሆስፒታል ተወሰደ። ነሐሴ 2 ቀን ሐኪሞች «አለቀ» እስከማለት ደርሰው ነበር፤ ተመለሰ። ጽሑፉ ለተመልካቹ በሦስት ቋንቋ የሚናገረው «ሰውየው የተጎዳው እዚህ ጋ ነው» ነበር። እኛ ደግሞ በአራተኛ ቋንቋ «ዴኩን ምታው» አልን።

እንግዲህ ዛሬ ላመሰግን የተነሣሁት አክተሩን አይደለም። እሱን የሚያመሰግን ሞልቷል። የእኔ ምስጋና ለተመልካች ነው፤ ፊልሙንና ሰውየውን ለይቶ በማየት ዓይኑን ለማያደክመው፣ ብልኅ ለሆነው ለእኛ ወገን።

አቤት ያኔ የሕንድ ተመልካች! ሆስፒታሉ በር ላይ ተኮለኮለ። ቤተ መቅደሱም መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በአንድ ሰው ስም ጸሎት ተሞላ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንድራ ጋንዲ ሳይቀሩ መጥተው ጠየቁት። አንዱ አድናቂ ስለት ተስሎ ከጉጃራት እስከ ቦምቤይ ፊቱን አዙሮ የኋሊት ሮጧል ተብሎ እስከዛሬ ይወራል። ወደፊት መሮጥማ ለአጎትም ይሮጣል። ደም የሰጡትን አልቀልድባቸውም፤ ባቻን ራሱ እንደተናገረው ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ናቸው። ከእነዚያ ውስጥ በአንዱ ደም ሄፓታይተስ ቢ ገብቶበት ኖሮ በ2000 ሲመረመር ከጉበቱ ሦስት አራተኛው ተበልቶ ተገኘ። የሕዝብ ፍቅር ደም ውስጥ ይገባል ሲባል ለዘይቤ ይመስለኝ ነበር።

ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይም ተመልካቹን ያውቃል። በመጀመሪያው ድርሰት ኩሊው መጨረሻ ላይ ይሞታል። ነገር ግን ሞትን ከነሕይወቱ አሸንፎ የመጣን ሰው ስክሪን ላይ ማን ደፍሮ ይገድላል? መጨረሻው ተቀየረ፤ ጥይት በላ፣ ግን ዳነ። እነሆ፣ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሕግ ቦምቤይ ላይ ጸደቀ።

ተመልካቹ ግን ጨካኝ አይደለም፣ አስተያየት አለው። በ1975 በ«ዲዋር» አክተሩ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሲሞት ፈቅዷል። በዚያው ዓመት በ«ሾሌይ» ሲሞትም መጀመሪያ አዳራሹ ቀዝቀዝ በማለቱ ሠሪዎቹ «እናስነሣው ይሆን?» ብለው ተጨንቀው ነበር፤ ትንሽ ጠበቁና ተመልካቹ አልቅሶ ጠገበ፣ ፊልሙም ዓመታት ሙሉ ከአዳራሽ አልወርድ አለ። መቼ እንደሚገደልና መቼ እንደሚተርፍ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱም ትኬት የቆረጠው።

ቡጢውን የሰነዘረው ፑኒት ኢሳርስ? እሱንም ተመልካቹ በፍትሕ ዳኝቶታል። በድርሰቱ ላይ «ምታው» ተብሎ የተጻፈለትን በመምታቱ የአገር ጠላት ሆነ፤ ሥራ እንደነጠፈበት ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ዕድሜ ለተመልካች፣ በኋላ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ «ማሃባራት» ላይ ክፉውን ዱርዮዳናን ሆኖ መጣ። አየህ፣ እኛ ቀድመን ክፉ መሆኑን አውቀን ነበር!

ቀድሞ የማወቅ ነገር ከተነሣ፣ ይኼ ተመልካች ባቻንን ከመጀመሪያው እንደወደደው ይምላል። የአላሃባዱ ባለቅኔ ልጅ ካልካታ በመርከብ ጭነት ድርጅት ውስጥ ደመወዝተኛ ሆኖ ሲሠራ፣ የሕንድ ሬዲዮ ድምፁን አድምጦ «አይሆንም» ሲለው፣ ከ1969 ጀምሮ ከአሥር የሚበልጡ ፊልሞቹ ተራ በተራ ሲከስሩ፣ ወዳጁ ሁሉ የት ነበር? ልቡ ውስጥ ነበር። አዳራሽ አልገባም እንጂ። በ1973 «ዛንጂር» ሲመጣና ያ ረጅም ሰውዬ ቱግ ብሎ ወንበር በእርግጫ ሲያበር፣ ሁሉም «ብዬ አልነበረም!» አለ። ሬዲዮ የናቀው ድምፅም ወዲያው ወርቅ ሆነ።

ከዚያ ምርጫ መጣ። በ1984 መጨረሻ የልጅነት ጓደኛው፣ የኢንድራ ልጅና ተተኪ ራጂቭ ጋንዲ አላሃባድ ላይ አወዳደረው። ተቃዋሚው ሄምዋቲ ናንዳን ባሁጉና የኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ዋና ሚኒስትር፣ ቆይቶም የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረ፣ በፖለቲካ የሸበተ ሰው ነው። ይሁንና ባሁጉና ስክሪን ላይ ስንት ኮንትሮባንዲስት ደብድቧል? አንድም! ባቻን ግን በየፊልሙ መጋዘን ገብቶ ብቻውን ሃያውን አንጥፏል። መራጩ የሥራ ልምድ አመዛዝኖ 68 በመቶ ድምፁን ሰጠው፤ ልዩነቱ ከ187 ሺህ በላይ። እኔም ብሆን የመንገዳችንን ጉድጓድ ለመድፈን የምመርጠው ከባቡር ጣሪያ ላይ የሚዘለውን ነው።

ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቦፎርስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ለሕንድ ስለሸጠው መድፍ የጉቦ ወሬ ተነሣና ስሙ ተነካካ። እዚህ ላይ ተመልካቹ የበለጠ አኮራኝ። ማስረጃ ይምጣ ብሎ ጊዜ አላባከነም። ትናንት አምላክ ያለውን ዛሬ ሌባ ለማለት አንድ ጋዜጣ በቃው። ሰውየው በ1987 ወንበሩን ለቆ ወጣ። የስዊድኑ የፖሊስ መርማሪ «በእሱ ላይ ምንም አላገኘንም» ብሎ በይፋ የተናገረው በ2012 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ይኼን ያህል ከቆየ ማን ያስታውሳል? ይቅርታ የጠየቀ መኖሩንም እንጃ።

እኔን ሆዴን የሚበላኝ ግን የዘጠናዎቹ ነገር ነው። ባቻን የራሱን ድርጅት አቋቁሞ በ1996 ባንጋሎር ላይ የዓለም ቆንጆዎች ውድድር አዘጋጀ፤ ድርጅቱ ተንኮታኮተ፣ አበዳሪ በር አንኳኳ። በ1997 የመመለሻ ፊልሙ ሲወጣ ያ የኋሊት የሮጠ፣ ያ ለስለት የተንበረከከ ሕዝብ አዳራሹን በጨዋ ደንብ ባዶ ተወለት። ደም ለመስጠት ክንዱን የዘረጋ፣ ትኬት ለመቁረጥ ኪሱ ውስጥ አልገባም። ጨክኖ አይደለም። ለሚሞት ሰው ይለቀሳል፣ የከሰረ ሰው ግን ምን ይደረግለታል? ባቻንም ራሱ እንዳወራው ጎረቤቱ ወደሆነው ዳይሬክተር ያሽ ቾፕራ ቤት በእግሩ ሄዶ «ሥራ ስጠኝ» አለ። በ2000 ደግሞ በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ፕሮግራም አቅራቢ ሆኖ ሲመጣ፣ ገንዘብ የሚታደልበት ስለሆነ ይሆናል፣ ፍቅሩ እንዳዲስ አገረሸ።

ካልካታ ላይ አድናቂዎቹ ቤተ መቅደስ ሠርተውለታል። በአንድ ፊልም ላይ የተቀመጠባት ወንበር አለች፤ በሌላ ፊልም ያደረገው ነጭ ጫማም አለ። ሰው መጥቶ ለጫማው ይሰግዳል። በ2020 እሱ በኮሮና ተይዞ ሆስፒታል ሲገባ እነሱ እሳት አንድደው ጸሎት ያዙ፤ ዳነም። ከዚህ በኋላ ቪዲዮ ቤት ስላስተማረን ሃይማኖት የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ሰውየው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። ሙምባይ (የያኔዋ ቦምቤይ) ጁሁ ሰፈር ከሚገኘው ቤቱ በር ላይ እሑድ እሑድ ወጥቶ ለተሰበሰበው ሰው እጅ ይነሣል። ሲወጣ ጫማውን ያወልቃል፤ ለእሱ ያ ቦታ የአምልኮ ቦታ ነው፣ እንዲያ ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ጫማው ካልካታ ላይ ይሰገድለታል፣ ባለጫማው ጁሁ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ እነሱን ያመሰግናል። በ2023 ደግሞ የሚመጣው ሰው እየቀነሰ መሆኑን፣ እልልታውም በስልክ ካሜራ መተካቱን ታዘበ። ምን ያድርጉ፤ እሱ እጁን ከፍ ሲያደርግ እነሱም ስልካቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ያቺን ቅጽበት ቀጭ አድርገው ይይዛሉ፣ ምስሉ ድርቅ ይላል።

ዴኩን የሚመታው ያ ሰውዬ ብቻ ነው የጎደለው።