የእሳት ቅኝት ሕጉ ቀነ ገደብ ሊኖረው አይገባም

ሚሳኤል ሲተኮስ የሚፈጠረውን ሙቀት የሚለይ ወታደራዊ ሳተላይት የደን ቃጠሎም ይታየዋል። አሜሪካ ፋየርጋርድ የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረችው እንዲህ ያለውን የወታደር መረጃ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ለማድረስ ነው። ሥራውን የያዙት የካሊፎርኒያና የኮሎራዶ ናሽናል ጋርድ (የክፍለ ግዛቶቹ ተጠባባቂ ጦር) ተንታኞች ናቸው። ኮንግረስ በ2022ቱ የመከላከያ ፈቃድ ሕግ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፕሮግራሙን መደገፉን እንዲቀጥል ቢያዝም፣ ትእዛዙ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 እንዲያበቃ አድርጎ ነበር። ቀኑን ማራዘም ጥሩ ነው፤ የሚሻለው ግን ቋሚ ማድረግ ነው።

ምክንያቱም ዋናው ሀብት ሰው ነው። ጎዝ የተባሉት የአየር ጠባይ ሳተላይቶች አገሪቱን በየ5 ደቂቃው ይቃኛሉ፤ ነገር ግን ሙቀትን በሚያሳየው የኢንፍራሬድ ምስላቸው ላይ አንዷ ነጥብ ከምድር ቢያንስ 2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች። ቪርስ የተባለው መሣሪያ እስከ 375 ሜትር አጥርቶ ያያል፤ ተሸካሚው ሳተላይት ግን በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፈው በቀን ሁለቴ ያህል ነው። በዚህ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ነበልባል ወይም ከሶላር ፓነል ላይ የሚያንጸባርቅ ፀሐይ እሳት ሊመስል ይችላል። ወፍራም ደመና ደግሞ እውነተኛውን እሳት ይጋርዳል። ተንታኙ ምልክቱን ከሌሎች ምንጮች ጋር አመሳክሮ የእሳቱን ዙሪያ ካርታ ላይ ያሰምራል። ምስጢራዊው ምስል እዚያው ይቀራል፤ የሚወጣው ወሰኑ ብቻ ነው፣ እሱም በየ15 ደቂቃው ይታደሳል። ይህን ዓይን ያዳበረ ባለሙያ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ እየቆጠረ እንዲሠራ ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው።

ወታደር የዜጎችን ግቢ ከላይ ያያል የሚለው ስጋት መናቅ የለበትም። መፍትሔው ግን በሕጉ ውስጥ ይጻፍ፦ መረጃው ለእሳት ብቻ ይዋል፣ ለፖሊስ ምርመራ አይተላለፍ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ከካርታው በኋላ ያለው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ካምፕ ፋየር የተባለው የካሊፎርኒያ ቃጠሎ ከተነሳ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፓራዳይዝ ከተማ ደርሶ ነበር፤ 85 ሰዎች ሞቱ። በጃንዋሪ 2025 የኢተን እሳት ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሲነሳ ወዲያው ታይቷል። ሆኖም በምዕራብ አልታዲና፣ ከሌክ ጎዳና ወዲያ ለሚኖሩት ቤታችሁን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ የወጣው ከ8 ሰዓታት በላይ ቆይቶ፣ ሌሊት ነው። ከሞቱት አብዛኞቹ የዚያ ሰፈር ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ሕጉ ወታደሩ እሳቱን እንዲያይ በማዘዝ ብቻ አይብቃው። ካርታው በቀጥታ ለአውራጃው የአደጋ ጊዜ ቢሮ ይድረስ፤ ቢሮው በሌሊትም የሚቀበል ተረኛ ይመድብ፤ ካርታው ከደረሰ በኋላ ትእዛዝ እስኪወጣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይመዝገብ፣ ለሕዝብም ይገለጽ።